ልጓሙ እኔ ጋ ነው

ከቦርከና ማዶ፣ በቆርቆሮ በረት፣
አራት ፈረስ ያድራል ጉዝጓዝ በሌለበት።
"ያንተ ሥራ" አሉኝ ጋሽ አበጋዝ ያኔ፣
"ማብላት፣ ማጠጣት ነው፤ ማዘዙ ግን ለእኔ።"

እሺ ብዬ ገባሁ።
አምና ገብስ ነበር፣ በጆንያ ሙሉ፤
ዘንድሮ ግን ገብሱ "ተወደደ" አሉ።
ገለባ ተተካ፣ እሱም በልክ ሆነ፤
ቀጥሎ ከቢራው ፋብሪካ የተጫነ
አተላ መጣልን፣ ሦስት ቀን የከረመ፣
ቦራ በልቶት ሌቱን በቁርጠት ታመመ።

ሊተኛ ሲል ሳስነሳው፣ ሊወድቅ ሲል ሳቆመው፣
እስከ ሱብሒ አዛን ግቢውን ሳዞረው፣
"አብሽር፣ የኔ ጌታ" እያልኩ ሳባብለው፣
(ለእሱ ይሁን ለእኔ፣ ዛሬም አልለየሁት)
ጎህ ሲቀድ ፋንድያ ጣለ። እልል ልል ነበር!
ሰው በፋንድያ ይፈነድቃል ቢሉኝ መች አምን ነበር።

ሰዓዳ ሚስቴ ናት። ጠዋት ሸተተችኝና
"ፈረስ አገባህ እንዴ?" አለች። አልሳቀችም።

ጋሽ አበጋዝ ደግሞ ባጃጅ ገዝተዋላ!
ወንበሩ ላስቲኩን ገና መች ጣለና።
በየማለዳው ወጥተው፣ በሳሙና አረፋ፣
ጎማውን ያሹታል ጭቃው እንዲጠፋ።
እኔም እዚያው ጎን ላይ የዳማን ገጣባ
በጨው ውሃ አጥባለሁ ዝንብ እንዳይገባ።
ጠፍሩ የበላው ነው፣ ከትከሻዋ ላይ፤
በጥር የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ነበር፣ በሚያዝያ መዳፌ።
የኮምቦልቻ ዝንብ ደግሞ ሙቀት ያሳደገው ነው፣ ቁስል አይምርም።

"ጋሼ፣ ዳማ ትረፍ፤ ቁስሏ ሥጋ በላ።"
"ስንት ቀን?" "አሥር ቀን።" "አንተ ነህ የምትሞላ
የአሥር ቀኑን ገቢ?"

እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት፣ በእግር፣ ያለ ጋሪ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ቁስሉን አይታ እኔን ተቆጣችኝ፣
ዝም ብዬ ተቆጣሁላቸው።
"ለሁለት ሳምንት አትጠመድ" ብላ ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት።
ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።
አነበቡት። አጠፉት።
ከባጃጁ መስታወት ላይ የወፍ ኩስ ጠረጉበት።
"ካልተመቸህ" አሉኝ፣ "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።"

ሜዳው ኮብልስቶን ነው፣ ጋሼ። ፈረሱም ያነክሳል።

ከዘምዘም ሱቅ ወስጄ፣ በዱቤ፣ በስሜ፣
ፉርሽካ ሳበላ ስድስት ወር ከርሜ፣
ማታ ደብተሩን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፤
ደግ ነኝ እያልኩኝ ደግነቴ በላኝ።
እኔ በሞላሁ ቁጥር እሳቸው አጎደሉ፣
"ይማም አይጨክንም፣ ያበላል" እያሉ።
ብሄድስ? ብሄድማ ማነው የሚተካው?
አለንጋ የሚያውቅ እንጂ ቁስል የማይነካው።
ብቀርስ? ደሞዜ ፉርሽካ፣ ፉርሽካው ጉልበቷ፣
ጉልበቷ ባጃጅ። እኔም ጠፍር ሆንኩ ማለት ነው፣ ከጀርባዋ።

ዛሬ ማታ ውሃ ሞላሁ፣ ገለባውን አራገፍኩ፣
የዳማን ልጓም ከምስማሩ አወረድኩ፤
በጋቢዬ ሥር አደረግሁት።
አልሰረቅሁም። ለዘበኛው ለአባ ሙሔ ነግሬያለሁ፦
"ከጠየቁ፣ ልጓሙ ይማም ጋ ነው በሏቸው።"
አባ ሙሔ ባትሪያቸውን አጠፉና
"እኔ አላየሁም፣ መብራት የለም" አሉ።

ነገ ይመጣሉ፣ በባጃጁ፣ በሬን ያንኳኳሉ።
የምለውን ሦስት ጊዜ አጥንቼ ሦስት ጊዜ ረሳሁት።
ፈሪ ነኝ፤ ጋሼም ያውቁታል።
አሁን ግን ልጓሙ ከራስጌዬ ነው፣
ብረት ብረት ይሸታል፣ የደረቀ ምራቅ፣ ትንሽም ሣር።
ከሩቅ ሐረጎን ሽቅብ የሚያቃስት ከባድ መኪና ይሰማኛል፣
ማርሽ ይቀይራል፣ ያቃስታል፣ ይቀይራል፤
እኔ የምጠብቀው ግን ከቦርከና ማዶ፣
ያቺ ባዝራ ተኝታ እንደሆነ ነው፣
ነገ ማንም እንደማይጠምዳት
ሳታውቅ።